ፒክአፑ ይነሳ ወይስ ይስተካከል

መካኒኩ ዌልደን ባዶ መኪና አይለካም። «ባዶ መኪና ሁሉ ቁመናው ያምራል» ይላል፤ ስለዚህ በዚያ በአሜሪካው የዋዮሚንግ አገር ፈረስ የሚያመላልስ ሰው ሁሉ ጭነቱን ይዞ ነው ጋራዡ የሚመጣው። አርዲስም ፒክአፑን ደጃፉ ላይ ስታቆም አራት ፈረሶች ከኋላ ተጎታቹ ውስጥ ወለሉን በኮቴያቸው ይደበድቡ ነበር። ባሏ መርል አጠገቧ ጋቢና ውስጥ ተቀምጧል። ደግፋ ካላወረደችው አይወርድም።

ያመጣት ነገር ቀላል ነበር። ባለፈው ሳምንት ተራራውን ስታቋርጥ የፒክአፑ ኋላ ከጭነቱ ብዛት ቁጢጥ አለ፣ አፍንጫው ወደ ሰማይ አየ፣ መሪውም እጇ ላይ ቀለለባት። ከፊት የሚመጣው ሾፌር ሁሉ መብራቷ ዓይኑን እየወጋው ጥሩምባውን ያስጮህባት ነበር። አርዲስ በቀላሉ የምትደነግጥ ሴት አይደለችም፤ ያን ቀን ግን ደነገጠች።

ዌልደን በመስኮቱ አንገቱን አስገባ። ከመርል ጋር አንድ ክፍል የተማሩ ናቸው።

«እንዴት ነህ ሽማግሌው?»

«ካንተ መልክ እሻላለሁ» አለ መርል። «ስማ፣ ይቺን መኪና ሁለመናዋን አንሳልኝ። ስድስት ኢንች ከፍ ትበል። ትልልቅ ጎማም አግባላት።»

«ጎረምሳ ሆነህ አረፍከው!» አለች አርዲስ። «ቀጥሎ ደግሞ ፓራፋንጎው ላይ የእሳት ሥዕል አስቀባ።»

መርል አልሳቀም። ሕመሙ ከቀኝ እግሩ ነው የጀመረው፤ አሁን ሁለቱንም ጉልበቶቹን ይዟል፣ እጁም ላይ መታየት ጀምሯል። ካስፐር ከተማ ያለው ሐኪም የበሽታውን ስም ነግሯቸዋል፣ መጨረሻውንም ነግሯቸዋል። ከዚያ ወዲህ ስሙ ቤታቸው ውስጥ ተጠርቶ አያውቅም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይህ ነው፤ ሁለቱም እያወቁ ስለ ድርቆሽ ዋጋና ስለ አጥር ሽቦ ሲያወሩ ያመሻሉ።

ዌልደን ሜትሩን ዘርግቶ ከመሬት እስከ ፓራፋንጎው የፊቱንም የኋላውንም ለካ። ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተመለሰ።

«ሁለመናዋን ካነሳናት ተጎታቹ የሚያያዝበት ጋንቾም አብሮ ይነሳል። አራት ፈረስ እየጎተትሽ፣ በዚያ ከፍታ፣ እዚያ ተራራ ላይ ነፋሱ ከጎን ሲመታሽ...»

«ለቀባሪው አረዱት» አለች አርዲስ። ተጎታች ከነፈረሱ ገደል አፋፍ ላይ በጎኑ ተኝቶ ስንት ጊዜ አይታለች።

«እንግዲያው ማስተካከል ነው። የፊቷን ሁለት ኢንች ከፍ፣ ኋላዋ ላይ ነፋስ የሚሞላ ከረጢት። ጭነት ስትይዢ ከረጢቱን ትነፊዋለሽ፣ ቀጥ ትላለች።»

«ይኸው፣ አለቀ» አለች። ሁለት ኢንች ምንም አይደለም።

መርል ሽንት ቤት መሄድ ፈለገ። ደግፋ አወረደችው፣ ደግፋ መለሰችው። ሲሳፈር ጎማውን ተደግፋ ጠበቀችው፤ መጀመሪያ በራሱ ይሞክራል፣ ቀድማ ከነካችው ይቆጣል። የበሩን እጀታ ጨበጠና እግሩን አነሳ። የጫማው ጫፍ የመርገጫውን ጠርዝ ነክቶ ወደቀ። ደገመው። በሦስተኛው የጫማው ሶል እስከ ግማሹ መርገጫው ላይ ገባለት፤ ከዚያ ላቡ እየወረደ ራሱን ጎትቶ ወጣ። አርዲስ መርገጫውን ትኩር ብላ አየች። መርገጫው ሁለት ኢንች ከፍ ቢል እግሩን እዚያ የሚያደርስበት አቅም አልቀረውም። አንድም አልቀረውም።

«ዌልደን፣ ተወው» አለች። «እንዳለች ትሁን።»

«እንዴ! አሁን ተስማምተሽ?»

«ሐሳቤን ቀየርኩ። መቀየር አይቻልም?»

«ምክንያቷን እኔ ልንገርህ» አለ መርል ከጋቢናው። «በኔ እግር ነው የምትለካት። አርዲስ፣ እኔን አትቁጠሪኝ።»

«ዝም በል።»

«ስድስት ኢንች ያልኩት ለመታየት መሰለሽ? በረዶ ሲጥል ብቻሽን ስትነጂ አሻግረሽ እንድታዪ ብዬ ነው።»

«ብቻዬን የምነዳበት ምክንያት የለም። ማን ነው ብቻዬን እነዳለሁ ያለህ?»

«እሱ ነዋ የሚያስፈራኝ!» አለ መርል። «አባትሽ ሲሞት እናትሽ መጋረጃውን ዘግታ እስክትቀበር አልከፈተችውም። መኪናው ጎተራ ውስጥ ዶሮ ሰፈረበት። አንቺም እንደዚያ ልትሆኚ ነው። ፈረሶቹን ልትሸጪ ነው። እኔ ይሄን እያሰብኩ ነው እንቅልፍ የማጣው እንጂ መሞቱንስ ለምጄዋለሁ።»

ሞት የሚለው ቃል ከሁለቱ አፍ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። አርዲስ ተናደደች፤ በሱ ይሁን በሕመሙ፣ ወይስ በዚያ ሜትሩን ይዞ በተገተረው ዌልደን፣ አላወቀችም። ፈረሶችን የምትወድ ሴት ናት፤ ግን እውነቱን ነው፣ ከሱ በኋላ አንዲት ኪሎ ሜትር እነዳለሁ ብላ አስባ አታውቅም። ከሱ በኋላ ስለሚመጣው ነገር ጨርሶ አታስብም ነበር።

ዌልደን የሚገባበት ጠፋው። መካኒክ የሚጠይቀውን ጠየቀ።

«ታዲያ... ምን ላድርግላችሁ?»

«የኋላውን ከረጢት አስገባ» አለች አርዲስ። «የፊቱን እንዳትነካ።»

«የፊቱንስ መቼ?»

አርዲስ ወደ መርል ዞረች። ተሽቀዳድማ «መቼም አይሆንም» ልትል ነበር። እሱ ግን እንደ ልጅ አፍ አፏን እያየ ይጠብቅ ነበር፤ ያን ፊት መዋሸት አቃታት።

«ያ ወንበር ባዶ ሲሆን» አለች። «ያኔ አመጣታለሁ።»

ዌልደን ከረጢቱ ሲመጣለት እንደሚጠራቸው ነግሯቸው ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ውስጥ ገባ።

«ታመጫታለሽ?» አለ መርል።

«አመጣታለሁ አልኩህ እኮ።»

«ራስሽ እየነዳሽ?»

«ራሴ እየነዳሁ።»

መርል እጁን በመስኮቱ አወጣና ክንዷን ያዘ። ጣቶቹ የድሮ ጉልበት የላቸውም። አርዲስ ግንባሯን በሩ ላይ ደፍታ አለቀሰች፤ እሱም አለቀሰ፣ ካስፐር ደርሰው ከተመለሱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው።

«በይ አሁን ወደ ቤት ውሰጂኝ» አላት።