ስድስት መቶ ፓውንድ ከኋላ

ነፋሱ አይደለም፣ ነፋስማ ያውቀዋል፣ የኦክላሆማ ነፋስ ከጎን መትቶ ይለቃል፣ ይሄ ግን አይለቅም፣ ከዊቺታ ጀምሮ ተሳቢው እንደ ውሻ ጭራውን ይቆላል፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ መሪው በቨርሊን መዳፍ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ሃያ ስምንት ጫማ የሚረዝም ተሳቢ ቤት፣ አልጋው፣ ወጥ ቤቱ፣ ሻወሩ ሁሉ፣ ግማሽ ቶን ጫኝ በምትባል ፒካፕ ሲጎተት የሚስቅ ሰው እንደማይጠፋ ያውቃል፣ የሚስቱ እህት ባል ኦዴል በየዓመቱ ይስቃል፣ ቨርሊን፣ ዘንድሮም ያቺን ፍየል ዝሆን አሸክመሃት መጣህ? ይሳቅ፣ ኦዴል ያልገባው ጉዳዩ የጉልበት ሳይሆን የሥርዓት መሆኑ ነው።

ሥርዓት። በሾፌሩ በር ላይ የተለጠፈችው ቢጫ ወረቀት ፒካፗ ስንት ፓውንድ እንደምትችል ትናገራለች፣ ቨርሊን ስትራውድ ከዚያች ወረቀት ቃል ወጥቶ አያውቅም፣ ሹካ መዝኗል፣ የሸክላ ሳህኑን አስወጥቶ ፕላስቲክ አስገብቷል፣ የጆይሊንን የብረት መጥበሻ፣ የእናቷን መጥበሻ፣ ስምንት ፓውንድ ነው የኔ እመቤት፣ ስምንት ፓውንድ ቀልድ አይደለም ብሎ በየጉዞው ከቤት አስቀርቷል፣ እሷም እሺ ብላለች፣ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ እሺ፣ እንዲህ ያለች ሚስት የታለች?

እና አሁን በከባድ መኪኖች ማደያ ሚዛን ላይ ቆሟል፣ ጆይሊን ቡና ላምጣ ብላ ሱቅ ገብታለች፣ የመጥሪያውን ቁልፍ ሲጫን አንዲት ሴት በድምፅ ማጉያው፣ የመጀመሪያ ሚዛን ነው ወይስ ዳግም ሚዛን፣ የኔ አባት? ትለዋለች፣ የመጀመሪያ ነው እመቤቴ፣ ይላል፣ ባርኔጣውን ያነሳል፣ ለድምፅ ማጉያ።

ወረቀቷን ተቀብሎ ጥግ ይዞ ያቆማል፣ በሚያዝያ ሲመዝን ከያዘው ማስታወሻ ጋር ያስተያያታል። የተሳቢው ጎማዎች ስምንት መቶ ጨምረዋል። የፒካፗ የኋላ ጎማ ሁለት መቶ ቀሏል። ስድስት መቶ ፓውንድ ከየት መጣ፣ የተሳቢውን የታንከር ውሃ በእጁ ነው ያፈሰሰው፣ ሚዛኑ ዋሽቶ ይሆን፣ ተሳቢውን የሸጠለት ሰውዬ አታሎት ይሆን፣ ኦዴል ድንጋይ አስጭኖበት ይሆን፣ ከኦዴል ይጠበቃል፣ ደግሞ ከፊት ቢሆን ፒካፗ የምትጎትትበትን ጋንቾ ይጫነው ነበር፣ ይሄ ከጭራው ነው፣ ጭራው ሲከብድ ፊቱ ይነሳል፣ ፊቱ ሲነሳ ይሄው መደነስ ነው።

ተሳቢውን ይከፍታል። የኋለኛውን አልጋ ያነሳል።

መጥበሻው።

የእናቷ መጥበሻ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ከስሩ የልብስ ስፌት መኪናዋ፣ ብረቱ፣ አሮጌው፣ መጻሕፍት፣ የሸክላው ሳህን፣ የበረዶ ካፖርቷ፣ አስፋልት በሚያቀልጥ ሙቀት፣ ለአሥር ቀን ጉዞ፣ የበረዶ ካፖርት? የሱ ካፖርት የለም። የሱ የሆነ ምንም የለም። ካርቶኖቹ ላይ በጥንቃቄ የተጻፈ የእጅ ጽሑፏ፣ ትዊላ ቤት፣ የላይኛው ክፍል። ትዊላ እህቷ ናት፣ የኦዴል ሚስት፣ የላይኛው ክፍል ባዶ ነው፣ መስኮቱ ኩሬውን ያያል፣ ቆንጆ ክፍል ነው እኮ፣ አምና አወድሶት ነበር።

ስለዚህ በራሱ ፒካፕ፣ በራሱ ነዳጅ፣ ከተፈቀደው ፍጥነት አንዲት ማይል ሳያልፍ፣ ሚስቱን ከራሱ እያሸሸ ነው።

ጆይሊን ሁለት ቡና ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። አየኸው፣ ትላለች፣ አየሁት፣ ይላል፣ እዚያ ስንደርስ ልነግርህ ነበር፣ ከኋላ ጫንሽው፣ ምን? ከኋላ፣ ከመቶው ስልሳው ከፊት አርባው ከኋላ ብዬ ስንት ዓመት ነገርኩሽ፣ ልትፈጂን ነበር እኮ! ቨርሊን፣ ጥዬህ መሄዴ ነው እያልኩህ ነው፣ ሰምቻለሁ፣ ጆሮዬ ደህና ነው፣ ብትነግሪኝ ግን፣ ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር?

ምን ያደርግ ነበር፣ ይለምን ነበር፣ ይቆጣ ነበር፣ ወንድ ልጅ ሆኖ ያለቅስ ነበር፣ አፉ ግን ቀድሞት፣ እመዝነው ነበር፣ ይላል።

ትስቃለች፣ ቡናው እጇ ላይ ይፈሳል፣ ዓይኗ ይሞላል፣ አዎ፣ ትመዝነው ነበር፣ ትላለች።

ከዚያ ሥራ አለ፣ ስፌት መኪናውን ተሸክሞ ወደ ፊት ያመጣዋል፣ ወገቡ ይጮኻል፣ መጻሕፍቱን ከጎማዎቹ በላይ ይደረድራል፣ ካፖርቷን አጥፎ ከፊተኛው አልጋ ስር ያስገባል፣ ክህደቷን በሥርዓት ያስተካክልላታል፣ መጨረሻ መጥበሻው ይቀራል፣ ይዞት ይቆማል፣ ከምድጃው በላይ አንድ ሚስማር አለ፣ ሲገዙትም ነበረ፣ ይሰቅለዋል። ልክ ነው። ቦታ ነበረው ለካ።

ዳግም ሚዛን ነው፣ ይላል ለድምፅ ማጉያው። በሕይወቱ እንዲህ ያማሩ አሃዞች አይቶ አያውቅም፣ ለማን ያሳያቸው፣ እጁን ወደ ጆይሊን ዘርግቶ ይመልሰዋል፣ መንገድ ይገባል፣ ተሳቢው ቀጥ፣ እንደ ክር ቀጥ፣ አርባ አንድ ዓመት እንዲህ ቀጥ ብለው ሄደው አያውቁም።

እየነዳ ያስበዋል፣ ኦዴል ግቢ ሲደርሱ ተሳቢው ወደ ኋላ ነው የሚገባው፣ በሩ ጠባብ ነው፣ እንደ ሁልጊዜው ጆይሊን ወርዳ ከኋላ ትቆማለች፣ ክንዷን ታነሳለች፣ ና፣ ና፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ በመስታወቱ ካላየኸኝ ቁም፣ የመጀመሪያ ጉዟቸው ላይ ያወጣችው ሕግ ነው፣ ካላየኸኝ ቁም፣ ዛሬም ታስገባዋለች፣ ታስገባዋለች እንጂ፣ ከአሥር ቀን በኋላ ግን ባዶውን ተሳቢ ይዞ ካንሳስ ሲመለስ፣ የገዛ ግቢው በር፣ ያም ጠባብ ነው፣ ማን ይቆማል፣ መስታወቱን አሁን ያየዋል፣ ነጭ የተሳቢ ግድግዳ፣ መንገድ፣ ሌላ ማንም የለም፣ አጠገቡ ተቀምጣ ሳለ እንኳ እግሩ ሳያዘው ከነዳጅ መስጫው ላይ ይነሳል፣ ከኋላ ያለ ከባድ መኪና ጡሩምባ ይነፋበታል፣ ምን ሆነህ ነው? ትለዋለች፣ ነፋስ ነው፣ ይላል፣ ከመንገዱ ዳር ያለው ሣር ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ እሷም ሣሩን እያየች ነው።