ሞተሩ የጠጣው ጠበል

እማማ ፈጠነች ጠበሉን በሞተር ሳይክሉ የነዳጅ ታንክ ውስጥ የጨመሩት በክፋት አልነበረም። ይህን አስቀድሞ መናገር ይሻላል፤ በኋላ የሆነውን የሰማ ሁሉ «አሮጊቷ ሆን ብላ ነው» ማለቱ አይቀርምና። ክፋት አልነበረባቸውም። የነበረባቸው ፍርሃት ነው፤ የፈራ ሰው ደግሞ እጁ አርፎ አይቀመጥም።

ሞተሩ የባለቤታቸው የአቶ ጌታሁን ነበር። አቶ ጌታሁን በደርግ ጊዜ ለአንድ የእርሻ ፕሮጀክት ሾፌር ሆነው ሲሠሩ፣ አብሯቸው ይሠራ የነበረ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ትቶላቸው ሄደ። እሳቸው ካረፉ በኋላ ሞተሩ ሶዶ፣ ከቤቱ ጓሮ፣ ከእንሰቱ ሥር ቆርቆሮ ለብሶ ሃያ ዓመት ተኛ። ዶሮዎቹ ዕንቁላል ይጥሉበት ነበር። እማማ ፈጠነች ያሳደጓት የልጅ ልጃቸው ትሕትና ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ፊዚክስ ማስተማር ስትጀምር፣ አንድ ቀን ያንን ቆርቆሮ ገለጠችው። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ቤት መሆኑ ቀረ። ካንዴላው ከሽንኩርት መክተፊያው አጠገብ ይገኛል፤ ካርቡራተሩ በሰሃን ቤንዚን ውስጥ ተነክሮ በረንዳ ላይ ያድራል።

ኤልሳዕ የሚባል የሻንቶ ከተማ መካኒክ በየሳምንቱ እየመጣ ያግዛት ጀመር። ከኋላ ጎማው ግራና ቀኝ የቆሙትን፣ ንጥሻውን የሚያበርዱትን ሁለት ሾኮች ፈታ፤ የደረቀውን ጎማቸውን ከከባድ መኪና የውስጥ ጎማ ቆርጦ በሠራው ተካ፤ አዲስ ዘይት ሞልቶ መልሶ ገጠማቸው።

«የዛሬዎቹ ከኋላ አንድ ሾክ ብቻ ነው ያላቸው፣ እማማ። ይሄኛው ሁለት እግር አለው። እንደ ሰው ነው» ይላቸው ነበር።

ሞተሩ መንገድ ለመንገድ የሚሄዱበት አይደለም። መቀመጫው የሕፃን ትራስ አያክልም፤ የሚነዳው ተቆሞ ነው። ጨዋታውም እሽቅድምድም አይደለም። ከድንጋይ ድንጋይ ቀስ ተብሎ ይወጣል፤ እግሩን መሬት ያስነካ ነጥብ ይቆጠርበታል፤ በመጨረሻ ትንሽ ነጥብ የተቆጠረበት ያሸንፋል። ትሕትና ይህን ሃያ ጊዜ አስረድታቸዋለች። ለእማማ ፈጠነች የሚታያቸው ግን ሱሪ ለብሳ እንደ ፍየል ገደል የምትወጣ ልጅ ብቻ ናት። የእድር ሴቶች፣ «ያቺ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳሞታ ተራራ ሥር በሞተር ድንጋይ የምትወጣው የእርስዎ ልጅ ናት አሉ?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ «ኧረ ለሥራዋ ነው! ለማስተማር ገጠር፣ ገሱባ ስለሚልኳት፣ መንገዱ አስቸግሯት ነው» ብለው ዋሹ። ማንም ገሱባ ልኳት አያውቅም።

ባለፈው ወር ትሕትና ጉልበቷ ተልጦ መጣች። እማማ ፈጠነች ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አልወርድ አላቸው።

አንድ ቅዳሜ ከቅዳሴ ሲመለሱ የኪዳነ ምሕረትን ጠበል በሃይላንድ ሞልተው ይዘው መጡ። ትሕትና ጓዳ ገብታ ጫማዋን ታስራለች። ሞተሩ በር ላይ ቆሟል። በዋዜማው ማታ ኤልሳዕ መጥቶ፣ ከሻንቶ በጀሪካን ለጓደኞቻቸው ሁሉ ካመጣው ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን የተረፈውን ሞልቶለት ሄዷል። ከመሪው ጀምረው ረጩት፤ ጎማውን፣ መቀመጫውን፣ ሁለቱን ሾኮች። ከዚያ ቆም አሉና አሰቡ። ሰው ሲታመም ጠበል ይረጫል ብቻ እንዴ? ይጠጣል እንጂ! የዚህም ነገር የሚያጓራው ሆዱ ነው። ታንኩን ከፈቱ። በጠርሙሱ ክዳን ሦስት ጊዜ፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» እያሉ ጨመሩ። ሦስት ክዳን ለዚያ ሁሉ ብረት አነሰባቸው። ከጠርሙሱ እንዳለ ገልበጥ አድርገው አንድ ሲኒ ያህል ደገሙ። ገጥመው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። ልባቸው ረጋ።

ልባቸው ስለረጋም ነው፣ «ዛሬ እኔም መጥቼ አያለሁ» ያሉት።

«እውነትሽን ነው እማማ? ሁለት ዓመት ለምኜሽ!» ትሕትና አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

ትሕትና በሞተሩ ቀደመች፤ እሳቸው በባጃጅ ሄደው የቀረውን በእግራቸው ወጡ። ከዳሞታ የሚወርደው ጅረት በበጋ ይደርቃል፤ ድንጋዩ ብቻ ይቀራል። የትሕትናን ጨምሮ ስድስት ሞተሮች ቆመዋል፤ ሁሉም ያረጁ፣ ሁሉም የተጠጋገኑ። ኤልሳዕ ገና ሲያያቸው ድንጋይ ላይ ኮቱን አንጥፎ አስቀመጣቸው። ሀብተሚካኤል የሚባለው፣ ከጎንደር ተመድቦ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው፣ ልቡ ደግ ሆኖ ቁጣው የሚቀድመው ሰው፣ ዝቅ ብሎ ሰላም አላቸው።

«እናቴ፣ እንኳን ደህና መጡ። ልጅዎ እኛን ወንዶቹን ጨርሳናለች። ዛሬ እንኳ እንድትራራልን ይለምኑልን።»

«እሱን አይስሙት» አለ ኤልሳዕ። «ዶክተር ሞተር አይነዳም፣ በእግሩ ነው የሚሄደው። ሞተሩን የሚያመጣው ለወግ ነው።»

«አንተ መጀመሪያ ፍሬንህን አሠራ! መካኒክ ነኝ ይላል እንዴ፣ ሲወርድ እኮ በጫማው ነው የሚያቆመው!»

ትሕትና ተነሳች። የመጀመሪያውን ድንጋይ ወጣች፤ ሁለተኛውን ዞረች። እግሯ አንዴም መሬት አልነካ። ጉልበቷን አጠፍ ዘርጋ እያደረገች፣ የፍሪሲዮኑን እጀታ በአንድ ጣት ይዛ፣ ሞተሩን ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ አድርጋ ስታሳልፈው እማማ ፈጠነች አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ገደል መውጣት ያሉት ነገር እንዲህ ያለ ትዕግሥት መሆኑን አላወቁም ነበር። አጠገባቸው የቆመውን ሰው፣ «የእኔ ልጅ ናት እኮ» አሉት፣ ሳይጠይቃቸው።

ሦስተኛው ድንጋይ በር ያህላል። ትሕትና የፊት ጎማውን አነሳች፤ ሞተሩ ሽቅብ ቆመ። ጫፉ ላይ ሊደርስ ሲል ሁለት ጊዜ ሳለና ጸጥ አለ። ጸጥታው ነው ያስፈራው። ልጅቷና ብረቱ ወደ ኋላ አብረው ወደቁ።

ቀድሞ የደረሰው ኤልሳዕ ነው። «ትሕትና! ተነስ! እጅህ ነው?» አለ፤ አማርኛ አፍ መፍቻው ስላልሆነ እንኳን በድንጋጤ በደኅናውም ቀን አንተና አንቺ ይምታታበታል። ልጅቷ የቀኝ እጇን አንጓ ይዛ ጥርሷን ነከሰች። አንጓዋ ዓይናቸው እያየ አበጠ።

ሀብተሚካኤል ሞተሩን አቁሞ፣ ቤንዚኑ ከታንኩ የሚወርድበትን የካርቡራተሩን ታች ፈታ። ከውስጡ የወጣውን በተቆረጠ ሃይላንድ ተቀብሎ ወደ ብርሃን አነሳው። ከቤንዚኑ ሥር፣ ጥርት ያለ ነገር ለብቻው ተኝቷል።

«ውሃ ነው።» ዞረ። «ኤልሳዕ፣ ውሃ ነው! ቤንዚኑ ላይ ውሃ ቀላቅለህበታል!»

«እኔ? ምን ነካህ ዶክተር?»

«ማነው ታዲያ ከሻንቶ የሚያመጣው? እኔ ነኝ?»

«ሁላችሁም ከአንድ ጀሪካን ነው የቀዳችሁት! የእናንተ ለምን አልጠፋም?»

«የእሷ የመጨረሻው ነው። ቅራሪውን ነው የሰጠሃት። ልጅቷን ልትገድላት!»

ኤልሳዕ ወደ ሌሎቹ አየ፤ ሌሎቹ ወደ መሬት አዩ። ከዚያ ወደ እማማ ፈጠነች አየ። ሁለት ዓመት በረንዳቸው ላይ ጎደሬ በዳጣ በርበሬ የበላ፣ የበራቸውን ቁልፍ ሳይጠየቅ የጠገነ ሰው ነው። የሆነ ነገር እንዲሉለት ይመስላል ያያቸው። እማማ ፈጠነች የጠበሉን ጠርሙስ በነጠላቸው ውስጥ አጥብቀው ይዘዋል። ገብቷቸዋል፤ ውሃ የሚለውን ቃል እንደሰሙ ነው የገባቸው። ዝም ቢሉ እንኳ አንድ ነገር ነበር። ዓይኑ ሲከብዳቸው ግን አፋቸው ለብቻው ተከፈተ።

«ምን ይደረግ» አሉ። «ዘንድሮ ሰው አይታመንም።»

ኤልሳዕ ባዶውን ጀሪካን አነሳና ወረደ። ኮቱን እንኳ አልወሰደም፤ እሳቸው ተቀምጠውበት ነበር።

ኦቶና ሆስፒታል ሄደው ሲታይ አጥንቷ ተሰንጥቋል። ስድስት ሳምንት ጀሶ አሉ። ትሕትና ስለ ሕመሙ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ የምትናገረው ስለ ኤልሳዕ ነው።

«ስልክ አያነሳም። ሦስት ሰዎች ሞተራቸውን ከጋራዡ አውጥተዋል አሉ። ቤንዚን የሚበርዝ መካኒክ ማን ይፈልጋል?»

«አንቺስ እሱ ነው ትያለሽ?» አሏት እማማ ፈጠነች፣ ጀሶውን እያዩ።

«አይደለም እላለሁ። ግን ውሃው ከሰማይ አልወረደም። ሞተሩን እሸጠዋለሁ፣ እማማ። የገጠመውን ሰው ካላመንኩት እንዴት አድርጌ ድንጋይ ላይ እወጣለሁ?»

እንዲህ ያለውን ቃል ሁለት ዓመት ሲለምኑት የኖሩ ሴት ናቸው። መጣላቸው፤ ሲመጣ ግን ደስ አላላቸውም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል እየሰሙ ነው ያረጁት፤ እንዲህ የሚያም አልመሰላቸውም ነበር። ደግሞ ሌላ ሐሳብ ይመጣባቸዋል። ኤልሳዕ ፕሮቴስታንት ነው፤ ዘመዶቹም፣ ጎረቤቶቹም። «ጠበላቸው ሞተር ገደለ» ብለው ቢስቁስ? የእኔ ሞኝነት ለቤተ ክርስቲያን ቢተርፍስ? እያሉ አንድ ቀን አሳለፉ፤ ሁለተኛውንም። በሦስተኛው ቀን ለቤተ ክርስቲያን አስበው ሳይሆን ለራሳቸው ክብር አስበው መሆኑን አወቁ፤ የኤልሳዕን ኮት አጥበው፣ አጣጥፈው፣ የሻንቶ ሚኒባስ ተሳፈሩ።

ጋራዡ ውስጥ ኤልሳዕ ብቻውን ነበር። ሲያያቸው ተነሳ፤ በርጩማውን በጨርቅ ጠረገላቸው። «ይቀመጡ እማማ። የትሕትና እጁ እንዴት ሆነ?»

በርጩማው መጠረጉ ከስድብ ባሰባቸው። ሳይቀመጡ ተናገሩት።

«ውሃው የእኔ ነው። ጠበል ነው። እንዳትወድቅ ብዬ እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

ኤልሳዕ ጨርቁን አስቀመጠ። «ስንት ያህል?»

«ሦስት ክዳን። ከዚያ ደግሞ… አንድ ሲኒ።»

«አንድ ሲኒ» አለና ራሱን ነቀነቀ። «ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል። ታች ተኝቶ ቆይቷል። ሽቅብ ስትቆም ተንሸራቶ ወደ ቧንቧው ገባ።» ጥግ ላይ የተደፉ ጀሪካኖችን በእጁ አሳያቸው። «ሦስት ቀን ሙሉ እነዚህን ሳጥብ፣ ሳደርቅ፣ ሳሸት። እኔ ነኝ ብዬ ነበር። ሳላውቅ እኔ ነኝ ብዬ አምኜ ነበር።»

እማማ ፈጠነች ሳቅ ጠብቀው ነበር፤ ሳቁን ተዘጋጅተውለት ነበር። ለዚህ ግን አልተዘጋጁም።

«ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

«ውሃውን ተዉት። የእኔም እናት ለሞተሬ ትጸልያለች፤ ታንኩን መክፈት ስለማትችል ነው እንጂ ምን እንደምታደርግ አላውቅም።» ፈገግ ሊል ሞከረና ተወው። «ያቺን ቃል ሲናገሩ ግን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እንግዲህ ያችን ቃል የሰማ ሰው ሁሉ ቅዳሜ እዚያው ነው። እኔ ከሄድኩ በኋላ ስንት ነገር እንደተባለ አላውቅም። ይምጡና እዚያው ይንገሩልኝ።» ኮቱን ተቀብሎ ሚስማር ላይ ሰቀለው።

ለትሕትና አስቀድመው ሊነግሯት አራት ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ። አራቱንም ጊዜ የወጣው፣ «ሻይ ልጨምርልሽ?» የሚል ነው። ቅዳሜ «እንሂድ» ሲሏት ጓደኞቿን ለመሰናበት መስሏት ተከተለቻቸው።

ስድስቱ ሞተሮች አምስት ሆነዋል። ኤልሳዕ ራቅ ብሎ፣ የራሱን ሞተር ሳያስነሳ ቆሟል። ማንም አጠገቡ አልቆመም። እማማ ፈጠነች ድንጋዩ ላይ ሊቀመጡ አልፈለጉም፤ ቆመው ጀመሩት። የትምህርት ቤት ልጅ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ወጥታ እንደምትናገር፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ከመጀመሪያው ክዳን ጀምረው ተናገሩ። ሲኒው ላይ ሲደርሱ አንዱ ሳቀ፤ ሌላው በክርኑ ጎሰመው። ሀብተሚካኤል ሄልሜቱን አውልቆ ወደ ኤልሳዕ ሁለት እርምጃ ሄደ።

«ወንድሜ፣ እኔ…»

«ቆይ» አለው ኤልሳዕ። «አልጨረሱም።»

አልጨረሱም ነበር። ዓይናቸውን ከመሬት አንስተው ለማየት የፈለጉት ትሕትናን ነበር፤ አልቻሉም። ጀሶዋን አዩ።

«ሰው አይታመንም ያልኩት፣ ውሃውን ማን እንደጨመረ እያወቅሁ ነው። የማይታመነው እኔ ነኝ። እሱ ከእናንተ ሁሉ ንጹሕ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሰዎቹ ወደ ኤልሳዕ ሄዱ። ሀብተሚካኤል ከእግሩ ሥር ሊወድቅ ሲል ኤልሳዕ ትከሻውን ያዘው፤ የሚነጋገሩት አይሰማም። አንድ ሰው ሞተሩን አስነሳ። ወደ እማማ ፈጠነች ማንም አልመጣም፤ ማንም አልተቆጣቸውም። ምን ማድረግ እንዳለባቸው ስላላወቁ መውረድ ጀመሩ። ቁልቁለቱ ልቅ ድንጋይ ነው፤ ሦስተኛው እርምጃ ላይ እግራቸው ተንሸራተተ።

ከኋላቸው ትሕትና ደርሳ በደኅናው እጇ ክንዳቸውን ያዘች። ፊቷን ወደ እሳቸው አላዞረችም።

«ልቀቂኝ፣ እጅሽን ያምሻል» አሉ እማማ ፈጠነች።

«ዝም ብለሽ ውረጂ» አለች ትሕትና። ድምፅዋ እያለቀሰች ይሁን ተቆጥታ አይለይም። «እግርሽን እኔ የምረግጥበት ላይ አድርጊ።»

እንደታዘዙት አደረጉ። ልጅቷ የረገጠችበትን እየረገጡ፣ ክንዳቸውን በክንዷ ውስጥ አድርገው፣ ከድንጋይ ድንጋይ ቀስ እያሉ ወረዱ። ሊያስለቅቋት ቢፈልጉ ይወድቃሉ፤ ስለዚህ እስከ ባጃጁ ድረስ ተደግፈዋት መሄድ ነበረባቸው።