ሁለት ጣት ትርፍ

የፀጉር አስተካካዩ ሚስት ባሏ ምን ዓይነት ብስክሌት እንደሚመኝ አንድም ቀን ጠይቃው አታውቅም። ምን ብላ ትጠይቀው? እሷ ልብስ የምትሰፋበትንና እሱ ፀጉር የሚቆርጥበትን ክፍል የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው፤ ሰውየው ደግሞ አፉን የሚዘጋው ሲተኛ ብቻ ነው፣ ያውም ካልቃዠ። የስፌት መኪናዋ ጸጥ ባለ ቁጥር የምኞቱ አንድ ቁራጭ ግድግዳውን አልፎ ይደርሳታል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላማ አይጣል ነው። የብስክሌት ጓደኞቹ ፀጉራቸው ቢያድግም ባያድግም ይሰበሰባሉ። አንደኛው ጥርስ ሐኪም ነው። ሌላው ቁልቁለት የሚባለው የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ስሙ የወጣለት ዳገት ላይ ወርዶ እየገፋ፣ ቁልቁለት ላይ ግን ደረቱን ነፍቶ ሁሉንም ስለሚቀድም ነው። ከመካከላቸው «እኔ ቢኖረኝ» ብሎ የማይጀምር የለም።

«እኔ ቢኖረኝ» ይላል ጥርስ ሐኪሙ፣ «ሲቀየር ኮሽ የማይል ማርሽ ነው የምፈልገው። ሳምንቱን ሙሉ የመሰርሰሪያ ድምፅ ስሰማ ነው የምውለው፤ እሁድ እንኳ ጆሮዬ ይረፍ!»

«ለኔ ፍሬን» ይላል ቁልቁለት። «ፍሬኑን ያመነ ሰው ነው ልቡ የሚሞላው።»

ባልየው ግን ማርሽም ፍሬንም አያጓጓውም። የሱ ምኞት የብስክሌቱ አጥንት፣ ፍሬሙ ራሱ ነው፤ ብረት፣ ያውም ቀጠን ካለ ቱቦ የተሠራ። መጋጠሚያዎቹ ሾጠጥ ብለው በቅጠል ቅርፅ የሚያልቁ፣ ቀለሙ የጠርሙስ አረንጓዴ የሆነ። ይህን ሁሉ በሞቀ ድምፅ እየዘረዘረ ይመጣና መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በልኬ የተሠራ» ይላል። እስከዛሬ የነዳቸው ብስክሌቶች በሙሉ ለሌላ ሰው ታስበው የተሠሩ ናቸው። መጀመሪያ የታላቅ ወንድሙን ነዳ፤ አሁን የያዘው ደግሞ ከአንድ ደንበኛው የተረፈ፣ ዝገቱ ከቀለሙ የሚበልጥ ነው።

ሚስትየዋን የገደላት ይሄ «በልኬ» የሚለው ቃል ነው። የሌላ ሰው ልብስ ሲለብስ የኖረ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በልኩ ሲሰፋለት መስታወት ፊት እንዴት እንደሚቆም እሷ ታውቃለች። ስንቱን አይታለች፤ ትልልቅ ወንዶች ናቸው ዓይናቸውን እንባ የሚሞላው። እና አንድ ቅዳሜ፣ ግድግዳው ማዶ «በልኬ» ሲባል ሰማችና መኪናዋን ከደነች። «ይሄን ነገርማ እኔ ነኝ የማደርግለት» አለች፣ ለራሷ።

ከከተማው ዳር ባለች የቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ የብረት ፍሬም የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ በያጅ አሉ። የብስክሌት ሰዎች ስማቸውን ሲያነሱ ትንሽ ጎንበስ ይላሉ። ሚስትየዋ ማንንም ሳታማክር ሄዳ ፊታቸው ቆመች።

«ሰውየውን አምጪው» አሏት ሽማግሌው፣ የብየዳ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እየሰቀሉ።

«እሱን ካመጣሁትማ ምኑን ድንገተኛ ሆነ፣ ጋሼ? ልኩን ይዤልዎት እመጣለሁ።»

«ብስክሌት እኮ ሱሪ አይደለም፣ ልጄ።»

«እኔ ሰው መለካት የጀመርኩት ከእናቴ ጉያ ሳልወጣ ነው። እስቲ ይመኑኝ፤ የስንቱን ሙሽራ ልብስ ሠርቻለሁ፣ አንድም ቀን ጠበበኝ ብሎ የተመለሰ ሰው የለም።»

ሽማግሌው ብዙ አንገራገሩ። እሷ ደግሞ ካመረረች የምትለቅ ሰው አይደለችም። በመጨረሻ «ይሁን እሺ» አሉ፣ ደስ ሳይላቸው።

የዚያኑ ቀን ማታ ባሏን ሱሪ ልሥራልህ ብላ በርጩማ ላይ አቆመችው። ለሱሪ ሲባል የክንድና የጀርባ ልክ ለምን እንደሚያስፈልግ መጠየቅ ነበረበት፤ ነገር ግን ስለ ኮርቻ ቆዳ ወሬ ጀምሮ ስለነበር ልብ አላለም። እሷ ልኩን የምትይዘው በቃሏ ነው። ሌሊቱን ደጋግማ ስታነበንበው አደረችና በማግስቱ ለሽማግሌው አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። ምኞቱንም ጨምራ።

ፍሬሙ ተሠርቶ፣ ጎማውና ማርሹ ተገጥሞ ያለቀ ቀን፣ ብስክሌቱን እየገፋች በፀጉር ቤቱ በር ገባች። ወንበሩ ላይ ግማሽ ራሱ የተላጨ ደንበኛ ተቀምጧል። ባልየው መላጫውን እንደያዘ ቀረ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ቃል ግን የለም። ያ ሁሉ ወሬኛ ሰው! እሷ በሩን ተደግፋ እስኪያማት ሳቀች፤ ሳቋ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራው። ደንበኛው «እኔን ጨርሱኝና ደስታችሁን ትቀጥላላችሁ» እያለ ቢጮህ ማን ይስማው። ባልየው ቅጠል የመሰሉትን መጋጠሚያዎች አንድ በአንድ በጣቱ ይዳስስ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በፊት፣ በዚያ ዝገታም ብስክሌት እንኳ፣ እሁድ ጠዋት ከወጣ ምሳ ቀዝቅዞ፣ እሷም ተናዳ፣ ንዴቷም በርዶ ነበር የሚመለሰው። አሁን ግን ወጣ ይልና ገና ቤቱን ጠርጋ ሳትጨርስ ከች ይላል። «ቆንጆ ነው! ወደር የለውም! በሰማይ የምሄድ ነው የሚመስለኝ!» እያለ። የሚቀጥለውም እሁድ እንዲሁ፤ ሙገሳው ጨመረ፣ ጉዞው አጠረ።

«ምን ትፈልጊያለሽ ታዲያ?» አለች እህቷ። «ባልሽ ጊዜ ሰጠሽ፣ እልል በይ እንጂ!»

«አንቺ ደግሞ! ጫማው የተስማማው ሰው ደጃፍ ላይ አያወልቅም» አለች ልብስ ሰፊዋ። ሆዷ ተጠራጥሯል። ሙገሳ የበዛበት ልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ እንደሚቀር ከሥራዋ ታውቃለች።

እሁድ ሲደርስ እሱ ሲወጣ እሷም በሌላ መንገድ ወጥታ ከመድኃኒት ቤቱ ጥግ ቆመች። መጣ። እጆቹ ተዘርግተው ተወጥረዋል፣ ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ ለማውረድ የሚንጠራራ ሰው ነው የሚመስለው። ፔዳሉን ለመድረስ ዳሌው ግራ ቀኝ ይላል። መስቀለኛው መንገድ ላይ መብራቱ ቀይ ሆነ። ባሏ በጣቱ ጫፍ መሬት ፈለገ፣ አጣ፣ ዘመመ፣ እና የመብራቱን ምሰሶ እንደ ዘመድ እቅፍ አደረገው። አረንጓዴ እስኪሆን እንዳቀፈው ቆየ። ያውም ለሚያልፍ ሰው ሁሉ ፈገግ እያለ ሰላምታ ይሰጣል።

ልብስ ሰፊ ነችና አንድ እይታ በቃት። ብስክሌቱ ነው ሰውየውን የለበሰው።

ከዚያ በኋላ ያየችው ግን ባሰ። አደባባዩን ተሻግሮ ወረደ፣ ብስክሌቱን ከአግዳሚ ወንበር ጋር አስደገፈና ቁጭ አለ። ሰዓቱን አየ። ደግሞ አየ። ቅዳሜ ግድግዳው ማዶ ለጓደኞቹ «ጉልበቴን አሞኛል» ሲል የሰማችው ለዚህ ኖሯል። ብቻውን ተቀምጦ የእሁዱን ጊዜ ይገፋል፣ ሄዶ ለሚስቱ «በሰማይ የምሄድ ነው የሚመስለኝ» ለማለት። እዚያው ሄዳ አቅፋው ልታለቅስ ቃጣትና፣ ወዲያው ደግሞ ንዴቱ መጣ፤ ንዴቱ ያረፈው በሽማግሌው ላይ ነበር።

ሰኞ እሱ ሥራ ላይ ሳለ ብስክሌቱን በጓሮ በር አውጥታ እየገፋች ጋራዡ ደረሰች። «ጋሼ፣ ምን በደልኩዎት?» ብላ ጀመረች። የልቧን ሁሉ ተናገረች። ሽማግሌው አላቋረጧትም። ስትጨርስ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ እየለኩ አሳዩዋት፤ የሠሩት እሷ ካለችው አንዲት ነገር አልጎደለም፣ አልበለጠም።

«እንግዲያው እስቲ እኔን ለኪኝ» አሉና ክንዳቸውን ዘረጉ።

ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ከትከሻቸው እስከ አንጓቸው ለካች። «ስልሳ አራት» አለች፣ ቆፍጠን ብላ።

«ሜትሩን እዪው።»

አየችው። ስልሳ ይላል። እንደገና ለካች፣ ሜትሩ አሁንም ስልሳ ላይ ነው፤ አፏ ግን ሳታዝዘው «ስልሳ አራት» ሊል ተከፍቶ ነበር። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ይሄ የእናቷ ልማድ ነው። ልክ አድርገሽ ከቆረጥሽ ሰውየው ሲቀመጥ ይቀደድበታል፣ ሁልጊዜ ሁለት ጣት ለስፌት ተዪ ትላት ነበር፤ ሥራውን ስታስተምራት በስንት ኩርኩም ያስገባችላት ነገር ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ሜትሩ አንድ ሲል እሷ ሌላ ስትል ኖራለች፣ ሳታውቀው። የባሏን እግር፣ ክንድ፣ ጀርባ፣ በሙሉ ሁለት ሁለት ጣት ጨምራ አስረዝማለታለች።

«ገደልኩት» አለች፣ ብረት ቁልል ላይ ቁጭ ብላ። «ሕልሙን አበላሸሁበት።»

ሽማግሌው ሳቃቸው መጣ፣ ሊያቆሙትም አልቻሉ። «የኔ ልጅ፣ ሱሪ ሲረዝም ምንድን ነው የምታደርጊው?»

«አሳጥረዋለሁ።»

«ሲያጥርስ?»

«ሲያጥርማ ምን ይደረጋል፣ አዝናለሁ እንጂ።»

«ብረትም እንደዚያው ነው። አጥሮ ቢሆን ኖሮ ተላቅሰን እንለያይ ነበር። መጋጠሚያውን አግለዋለሁ፣ ያያያዘው ነሐስ ይቀልጣል፣ ቱቦው ይወጣል። ቆርጬ መልሼ እገጥመዋለሁ። ቀለሙ ይቃጠላል፣ እንደገና ይቀባል። ግን ከእንግዲህ ሰውየውን ታመጪዋለሽ፤ ካላመጣሽው እሳት አልለኩስም።»

ማታ ባሏ ሱቁን ዘግቶ ሲገባ መግቢያው ላይ ጠበቀችው።

«ብስክሌቱ ትልቅ ነው» አለችው።

«ማን አለ?»

«ምሰሶው።»

ሰውየው ፊቱ ቀላ። አንገቱን አከከ፣ ጣራውን አየ።

«ለምን አልነገርከኝም? እኔ ምንህ ነኝ?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ?» አለ በመጨረሻ። «ያመጣሽልኝ ቀን በሩ ላይ ስትስቂ ራስሽን አላየሽም። ያየሁት እኔ ነኝ። መሰላል ብታመጪልኝም እነዳው ነበር።»

«ሁለተኛ እንዲህ ብታደርግ በገዛ መላጫህ ነው የምላጭህ!» ብላ ጮኸችበት፤ ጮኻም ሳትጨርስ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ሳቋም አብሮ መጣ። ሁለቱም ቆመው ሲስቁ እህቷ ደርሳ «እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው?» አለች።

በማግስቱ አብረው ሄዱ። ሽማግሌው ባልየውን ብስክሌቱ ላይ አስቀምጠው ከጎን፣ ከኋላ፣ ጎንበስ ብለውም አዩት። እሱ እንደ ልማዱ ስለ መጋጠሚያዎቹ መዘርዘር ሲጀምር «ዝም በል እስቲ» አሉት። «ምኞትህን ሚስትህ ነግራኛለች። አሁን የምፈልገው እግርህን ነው።»

«ሁሉንም ከየት ታውቀዋለች?»

«የላይኛው ቱቦ ቀጥ ያለ» አለች ሚስትየዋ፣ ከብረት ቁልሉ ላይ። «የፍሬኑ ገመድ ከሥር የሚያልፍ፣ ቁልቁለት የመከረህን ዓይነት ሳይሆን የድሮውን። ከኋላ ሰፋ ላለ ጎማ የሚሆን ቦታ፣ ዝናብ ስለማታምን። መሪው ላይ ጥቁር ሳይሆን ቡናማ ቆዳ።»

ባልየው አፉን ከፍቶ አያት። ይህን ሁሉ ዘመን ምኞቱን ላገኘው ደንበኛ ሁሉ ሲያወራ፣ አንድ ሳያስቀር ሰምቶ የሚይዝለት ሰው ያለ አይመስለውም ነበር። «ሁሉንም ሰምተሽዋል?» አላት፣ ቀስ ብሎ።

«ምን ላድርግ፣ ግድግዳው ስስ ነው» አለች።

ፍሬሙ ተፈታ፣ ተቆረጠ፣ ተገጠመ። አረንጓዴው ቀለም በእሳቱ አረፋ እየሠራ ሲላጥ ማየት ቢከብዳትም ሳትቀር ቆማ አየችው። እንደገና ተቀብቶ ደርቆ ሲያልቅ ቤት ያመጣው ራሱ ባልየው ነበር፣ እየገፋ፤ ከሷ ፊት ካልሆነ አልወጣበትም ብሎ።

እሁድ ጠዋት በሩ ላይ ወጣበት። አንድ እግሩ መሬት ላይ ሙሉ በሙሉ አርፏል። ክንዱ ዘና ብሏል። «ቆንጆ ነው» አላለም፣ «ወደር የለውም»ም አላለም። «እስከ መንገዱ ጫፍ ደርሼ መጣሁ» አለና ሄደ።

እህቷ ለምሳ መጥታለች። ምሳው ቀረበ፣ ቀዘቀዘ፣ ተሞቀ፣ እንደገና ቀዘቀዘ። ቁልቁለት ላቡ በጀርባው እየወረደ፣ ብስክሌቱን እየገፋ በበሩ አለፈ። «ባልሽን የት ነው የምናገኘው?» አለ ትንፋሹን እየሰበሰበ። «ቆይ ጠብቀን ብለን ጮኽንለት፣ አልሰማንም! ዳገቱን ብቻውን ወጣው!»

«ስልክ ደውይለት እንጂ» አለች እህቷ፣ ሰሐኑን በሰሐን እየከደነች። «ይሄ ሰውዬ ሊመሽበት ነው!»

ልብስ ሰፊዋ በሩን ተደግፋ መንገዱን ታያለች። እስከ ጫፉ ድረስ ማንም የለበትም። ፈገግታዋን መደበቅ አቅቷት ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች።

«ተዪው» አለች። «ልኩ ሆኗል።»