አንዴ ከጮኸ ሴት፣ ሁለቴ ከጮኸ ወንድ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1933 ታኅሣሥ የቶኪዮ ሰው ሁሉ ዋና ሥራው ጆሮ መጣል ሆኖ ነበር። እቴጌይቱ የመውለጃቸው ጊዜ ደርሷል። የከተማው ሳይረን አንዴ ብቻ ከጮኸ ልዕልት፣ አንዴ ጮኾ ጥቂት አርፎ ከደገመ ልዑል መወለዱን ሕዝቡ እንዲያውቅ አስቀድሞ ተነግሯል። እስከዚያ ድረስ ቤተ መንግሥቱ አራት ጊዜ ልጅ አግኝቶ አራቱም ሴቶች ስለነበሩ፣ አገሩ በሙሉ ከሚኒስትር እስከ ዓሣ ነጋዴ ሁለቱን ጩኸት ነበር የሚጠብቀው። አንዱን ብቻ የሚመኝ ሰው ቢገኝ ምኞቱን በሆዱ ይዞ መቀመጥ ነበረበት፤ ፖሊስ ጆሮ ከገባ መዘዙ ብዙ ነው።

አሳኩሳ ሰፈር ውስጥ ግን እንዲህ ያለች ሴት ነበረች። የፋኖስ ሠሪው የጌንኪቺ ሚስት ሳዋ፣ ሳይረኑ አንዴ ጮኾ ዝም እንዲል ቀንም ሌትም ትለምን ነበር።

ቤቷ ደግሞ ለዚህ ጸሎት የሚመች ቤት አልነበረም። ልዑል ከተወለደ ሕዝቡ ፋኖስ ይዞ በሰልፍ ይወጣል ተብሎ ትእዛዙ ከየሰፈሩ ጎርፏል። ከወለል እስከ ጣሪያ የወረቀት ፋኖስ ተንጠልጥሎ ሰው በጎኑ ካልሆነ አያልፍም። ጌንኪቺ ቀርከሃውን እየሰነጠቀ ያጎብጣል፣ ሳዋ ወረቀቱን በሩዝ ሙጫ ትለጥፋለች፣ አማቷ እማማ ራኩ ከከሰል ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ፒፓቸውን እየሳቡ ስህተት ይለቅማሉ።

“ያኛው ተጨማዷል” ይላሉ ቀና እንኳ ሳይሉ።

“የቱ እማማ?”

“አሁን የለጠፍሽው ነዋ። ላጪና እንደገና ለጥፊው። ለልዑል ልደት የእኔን ፊት የመሰለ ፋኖስ ይዘው ይውጡ እንዴ?”

ሳዋ ትልጥና እንደገና ትለጥፋለች። እጇ ፋኖሱን ይሠራል፣ ልቧ እንዳይበራ ይለምናል።

ከሁሉ የባሰው ቀትር ነበር። ድሮ እኩለ ቀንን በመድፍ ነበር የሚያስታውቁት፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በሳይረን ለውጠውታል። ታዲያ በየቀኑ ያ ነገር እሪ ባለ ቁጥር ሰፈሩ ባለበት ድርቅ ይላል። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ከደንበኛው አንገት ላይ ያነሳል፣ ባለ ብስክሌቱ አንድ እግሩን መሬት ላይ ይተክላል፣ ሴቶቹ ከየበራቸው ብቅ ይላሉ። ሁለተኛውን ይጠብቃሉ። ሳይመጣ ሲቀር አንዱ “ለካ ምሳ ሰዓት ነው” ይልና ሁሉም ይስቃል። ሳዋ ግን ሙጫው እጇ ላይ ደርቆ እስኪሰነጣጠቅ አትነቃነቅም። እህል አልወርድ ብሏት ጉንጯ ጎድጉዷል።

ነገሩ የጀመረው ያለፈው ፀደይ ነው። ጌንኪቺ ከሱሚዳ ወንዝ ማዶ አንዲት ሴት ነበረችው፤ ከእሷም ወንድ ልጅ ወልዷል። ይህን ሰፈሩ ያውቃል፣ ሳዋም ታውቃለች፣ ማንም አያነሳውም። አንድ ቀን ግን ጌንኪቺ እናቱ ፊት ተንበርክኮ አነሳው።

“እማማ፣ ልጁ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ወደ ቤት ላስገባውና ሱቁን ይውረስ። ሳዋ እንደሆነች ሦስት ወለደች፣ ሦስቱም ሴቶች ናቸው። ሦስተኛዋን ‘ሴቱ በዚህ ይቁም’ ብዬ ቶሜ አልኳት፤ ከእሷ ወዲህ ወንዱም ሴቱም ቆመ።”

ሕጉም ከእሱ ጋር ነበር። አባት ልጄ ነው ብሎ ያመነለት የውጭ ወንድ ልጅ ከቤት ሴቶች ልጆች ይቀድማል። የቀረው የእናት ፈቃድ ብቻ ነው፤ እማማ ራኩን ሳያስፈቅድ ደግሞ ጌንኪቺ ካልሲም አይገዛም።

ሳዋ ሻይ ይዛ ከበሩ ኋላ ቆማ ነበር። እማማ ራኩ ፒፓቸውን ምድጃው ጠርዝ ላይ መታ መታ አደረጉ።

“ንጉሠ ነገሥቱ ስንት ሴቶች ልጆች ወለዱ?” ሲሉ ጠየቁት።

“አራት።”

“በዚህ ምክንያት ሌላ ሴት አስገቡ?”

“ኧረ እማማ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም።”

“ታዲያ አንተ ማን ሆነህ ነው ከእሳቸው ቀድመህ የምትጣደፈው? ቤተ መንግሥቱ ወንድ ባገኘ ማግስት ልጅህን ይዘህ ግባ። ከዚያ በፊት ስሙ እዚህ ቤት እንዳይነሳ።”

እማማ ራኩ ለቤተ መንግሥቱ ያላቸው አክብሮት የታወቀ ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱ ፎቶግራፍ ያለበትን ጋዜጣ ለዓሣ መጠቅለያ አያደርጉም። ስለዚህ ጌንኪቺ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ሳዋ ከዚህ ሁሉ ንግግር የቀረላት “ወንድ ባገኘ ማግስት” የሚለው ብቻ ነበር። ፍርዱ ተሰጥቶ ቀኑ ብቻ እንደቀረ ሰው ሆነች። ልጁን አልጠላችውም፣ አይታውም አታውቅ። ግን ልጁ ከገባ እናቱም ቀስ ብላ ትከተላለች፣ ሴቶች ልጆቿም በተወለዱበት ቤት የሰው ቤት እንግዳ ይሆናሉ። አማቷን አምርራ የጠላቻቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

የዚያ ወር ጋዜጣ በዓለም ወሬ የተሞላ ነበር። ጌንኪቺ ጠዋት ጠዋት ሾርባውን እየጠጣ ጮክ ብሎ ያነባል።

“አሜሪካኖች መጠጥ ፈቀዱ።”

“ከልክለው ነበር እንዴ?” አሉ እማማ ራኩ።

“አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ።”

“ታዲያ እስከዛሬ ምን ሲጠጡ ኖሩ?”

“ተደብቀው ሲጠጡ ነዋ።”

“እንግዲያው አሁን ምኑ ተለወጠ? በል ሌላ አንብብ።”

“የቲቤት ታላቁ ላማ አርፈዋል ይላል። ተተኪያቸው ይፈለጋል።”

“ልጅ የላቸውም?”

“እነሱ ዘንድ በልጅ አይደለም። ነፍሳቸው የገባችበትን ሕፃን በየመንደሩ እየዞሩ ይፈልጉታል።”

“ሴት ብትሆንስ ሕፃኗ?” አለች ሳዋ። ከአፏ እንዴት እንዳመለጣት እሷም አላወቀችም።

ጌንኪቺ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ አያት። “ወንድ ነው እንጂ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?”

“ተራራ ጫፍ ላይም ወንድ ወንድ ማለቱ አልቀረልንም” አሉ እማማ ራኩ፣ ሾርባቸውን ፉት እያሉ።

ዕለቱን የፀጉር አስተካካዩ ሚስት ታኪ መጣች። ታኪ ቤተ መንግሥቱን በአጥር ዙሪያ እንኳ ዞራው አታውቅም፤ ወሬውን ግን ከአዋላጆቹ ቀድማ ትሰማለች።

“የእቴጌይቱ ሆድ ሾጠጥ ብሏል አሉ። ሾጠጥ ካለ ወንድ ነው። ሁለቴ ነው የሚጮኸው፣ አይደል ሳዋ?”

“ይሁን” አለች ሳዋ።

“ይሁን? ይሁን ይባላል እንዴ? አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ይሰማሻል።” ሳቀችና ወደ እማማ ራኩ ዞረች። “ምራትዎ ምን ነካት? ፊቷ ጠቁሯል።”

“ከጠዋት እስከ ማታ ለልዑሉ ወረቀት ስትለጥፍ ፊቷን የምታጥብበት ጊዜ የት አግኝታ” አሉ እማማ ራኩ። “አንቺ ነሽ እንጂ ሥራ የፈታሽው።”

ታኪ ተቆጥታ ወጣች። ሳዋ ግን ድንጋጤው አልለቀቃትም። ቀኑን ሙሉ የእሳት አደጋ መኪና ሲያልፍ፣ ባቡር ሲያፏጭ፣ ጆሮዋ ሳይረን ያደርገው ነበር።

ታኅሣሥ ሃያ ሦስት ጠዋት፣ ብርዱ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ነበር። ሳዋ ጓሮ ወጥታ የውኃውን በረዶ በባልዲ ጠርዝ እየሰበረች ሳለ ሳይረኑ ጮኸ።

ቀትር አይደለም። ፀሐይ ገና መውጣቷ ነው። ድምፁ ከወንዙ በኩል ተነስቶ በጣሪያዎቹ ላይ እየተሳበ ረዘመ፤ አያልቅም እስክትል ረዘመና እየወረደ እየወረደ ሄዶ ጠፋ።

ሰፈሩ ትንፋሹን ዋጠ። አንድ በር ተከፍቶ ሳይዘጋ ቀረ። ውሻ እንኳ አልጮኸም። ሳዋ ባልዲውን እንደያዘች ቆማ፣ አለቀ፣ ሴት ናት አለች በልቧ። ደስታው ከእግር ጥፍሯ ተነስቶ ጉሮሮዋ ላይ ደረሰ። ወዲያው ደግሞ፣ በትልቅ ቤት ውስጥ የተኛች፣ ላቧ ያልደረቀ አንዲት ሴት ታየቻት። አምስተኛም ሴት ወለድሽ ተብላ፣ ዙሪያዋን ያሉት ሁሉ አንገታቸውን ደፍተውባት። ያን አንገት መድፋት ሳዋ ሦስት ጊዜ ታውቀዋለች። እኔ እንድድን ብዬ እሷ ላይ ነው የለመንኩት አለች። አፈረች። በሕይወቷ እንደዚያች ቅጽበት አፍራ አታውቅም።

ሁለተኛው ጩኸት መጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመስማት ጆሮ አያስፈልግም ነበር። ሰፈሩ ፈነዳ። ባንዛይ፣ እልፍ ዓመት ይኑሩ፣ የሚለው ጩኸት ከቤት ቤት ተቀጣጠለ፣ ሰዎች በሌሊት ልብሳቸው መንገድ ላይ ተቃቀፉ፣ ፀጉር አስተካካዩ የሳሙና አረፋ ያለበትን ደንበኛውን አስከትሎ ወጣ። ታኪ ሳዋን ጓሮ ድረስ መጥታ አገኘቻት። የሳዋ እንባ ዱብ ዱብ ይላል።

“ተመልከቱ፣ ተመልከቱ፣ በደስታ ታለቅሳለች” አለች ታኪ፣ እሷም እያለቀሰች። “እኔ ደግሞ ምን ስልሽ ነበር። ይቅር በይኝ እህቴ።”

ሳዋ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ ቤት ገባች።

ጌንኪቺ ሦስት ጊዜ ባንዛይ ብሎ ተመልሶ ሳጥኑን ከፍቶ ነበር። በሠርግና በለቅሶ ብቻ የሚወጣውን ጥቁሩን ካባ ደረበ። ካልሲውን አንዱን ብቻ እንዳደረገ እናቱ ፊት ተንበርክኮ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ አኖረ።

“እማማ፣ እንኳን ደስ አለዎት።”

“ለምኑ?” አሉ እማማ ራኩ። ፒፓቸውን እየሞሉ ነበር።

“ለምኑ ይላሉ እንዴ? ልዑል ተወለደ እኮ። ቃልዎን ያስታውሳሉ፤ ማግስት ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ነገን አልጠብቅም፣ አሁኑኑ ወንዙን ተሻግሬ ልጁን ላመጣው ነው።”

“ልዑል መወለዱን በምን አወቅህ?”

“ሳይረኑ ሁለቴ ጮኸ።”

“እኔ አንዴ ነው የሰማሁት።”

ጌንኪቺ ሳቀ። እናቱ አልሳቁም። እማማ ራኩ እኮ ታኪ ሦስት ቤት አልፋ ባሏን ስትሰድብ ቃል በቃል የሚሰሙ ሴት ናቸው።

“እማማ፣ ከተማው በሙሉ ሁለቴ ነው የሰማው።”

“ከተማው የራሱን ሰማ። እኔ የራሴን ሰማሁ።”

“ድምፅዎን ይቀንሱ በፈጠረዎት። ሰው ቢሰማ ልዑሉን ካዱ ይሉናል።”

“ማንን ካድኩ? ዕድሜ ይስጣቸው። ባንዲራውን እኔ ራሴ ወጥቼ እሰቅላለሁ፣ ባንዛይም ካንተ አብልጬ እላለሁ። ፋኖስህንም ሽጥ። ለአገሩ ሁለቴ ጮኾለታል።” ፒፓቸውን ከፍም ላይ ለኮሱት። “እዚህ ቤት የጮኸው ግን አንዴ ነው።”

ሳዋ በሩ ላይ እንደቆመች ገባት። ያ የፀደዩ ንግግር ፍርድ አልነበረም። አሮጊቷ ልጃቸውን የሚያስቆሙበት ነገር ሲያጡ፣ በአገሩ ካለው አጥር ሁሉ ትልቁን አንስተው ፊቱ ላይ ተክለውበታል። ዛሬ አጥሩ ወደቀ፤ የቀራቸው ድርቅና ብቻ ነው። ስንት ወር በልቧ ስትረግማቸው እንደከረመች ትዝ ሲላት ባለችበት ቁጭ አለች። እማማ ራኩ አላዩዋትም። ለማየትም አልሞከሩም።

ጌንኪቺ ግን አያት።

“አንቺ ንገሪያቸው” አለ። “ጓሮ ነበርሽ፣ ሜዳ ላይ። ስንት ጊዜ ጮኸ?”

ሳዋ በትዳሯ ዘመን ሁሉ ለዚህ ሰው “እሺ” እንጂ ሌላ መልስ ሰጥታ አታውቅም። ሁለቴ ብትል እውነት ነው፤ አሮጊቷ ብቻቸውን የሚዋሹ ይሆናሉ፣ እሱም ከምሳ በፊት ወንዙን ተሻግሮ ይመለሳል። ውጭ ሦስቱ ልጆቿ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ባንዛይ ይላሉ። የቶሜ ድምፅ ከሁሉም ይቀጥናል።

“አንዴ” አለች።

“ሳዋ።”

“አንዴ ነው የሰማሁት። ከዚያ ዝም አለ።”

ጌንኪቺ አንዴ እናቱን፣ አንዴ ሚስቱን አየ። ሊቆጣ አፉን ከፈተ። እዚያው ላይ ግን ደንበኞቹ በሩን ይደበድቡ ጀመር፤ ፋኖስ፣ ፋኖስ ይላሉ።

“ካባው ሙጫ ይነካዋል” አሉ እማማ ራኩ። “አንቺ ልጅ፣ ወደ ሳጥኑ መልሺው።”

ሳዋ ተነሳች። ከባሏ ኋላ ቆማ ካባውን ከትከሻው ላይ አወረደችው፤ እሱም አልከለከላትም።