ዋልካ አይሆንም አልኳችሁ

1.

«አይሆንም።»

ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ። ያልኩት ደግሞ ለባለ ዲፕሎማ፣ በሙሉ ኮሚቴ ፊት፣ ገልባጭ መኪናው አደባባዩ ላይ ጥቁር አፈር ዘርግፎ ሳይጨርስ ነው።

2. ማን ነኝ ብዬ ነው?

አጸደ ወልደኪሮስ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። አበባ እርሻ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ ሌሎቹ ከአበባው ጋር ፎቶ ይነሡ ነበር፣ እኔ ከኋላ አፈር እቀላቅላለሁ። አሁን መንገድ ዳር ችግኝ እሸጣለሁ። የሰፈሩ ሰው «አፈሯ» ይለኛል። መጀመሪያ ሊያበሽቁኝ ነበር። አሁን እኔው ራሴ ስልክ ሳነሣ «አቤት፣ አፈሯ ነኝ» እላለሁ።

የምሸጠው አበባ ክሪሳንተመም ይባላል። ደንበኞቼ «ያ የክርስትናው አበባ» ይሉታል። አላርማቸውም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ወስደው ምን አፈር ላይ እንደሚተክሉት ነው።

3. ጉዳዩ

የአደባባዩ ማስዋቢያ ኮሚቴ፣ እኔ ስምንት ዓመት ችግኝ የሸጥኩበትን ቦታ «ለአንድ ሰው፣ በውድድር» ብሎ ወሰነ። ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ነን፤ እኔና ደምሰው። ደምሰው ባለ ዲፕሎማው ነው፤ ልጅ እግር፣ ጫማው ሁሌ የተወለወለ። አደባባዩ መሐል ለመሐል ተከፈለ። ለእያንዳንዳችን አርባ አርባ ችግኝ። ጳጉሜ 3 ቀን የማን በዝቶ ቆሞ ከተገኘ ቦታው የእሱ ነው።

ከተሸነፍኩ ማሰሮዎቼን ሰብስቤ እነሣለሁ። ወዴት እንደምነሣ አላውቅም ነበር። ፈርቼ ነበር፣ ምን ይደበቃል።

ጥቁሩን አፈር ያስመጣው ደምሰው ነው፤ ለሁለታችንም ብሎ። እኔ በግማሼ ላይ አላስደፋም አልኩ።

4. የገደልኳቸው

ሀ) ሠላሳ ችግኝ፣ ዋልካ ላይ። አበባ እርሻ የገባሁበት የመጀመሪያ ዓመት፣ ጓሮዬ ውስጥ ነው። «ጤፍ ያበቀለ ጥቁር አፈር አበባ ያቅተዋል?» ብዬ። ነሐሴ ላይ ሥራቸው እንደ ተቀቀለ ጎመን ሆነ።

ለ) አሥራ ስምንት፣ ከበረት የወጣ ትኩስ ፍግ ላይ። ተቃጠሉ።

ሐ) ስድስት፣ አሸዋ ብቻ ላይ። በውሃ ጥም።

ሰው ሲሞትብን «አፈሩን ገለባ ያድርግለት» እንላለን አይደል? ለሞተው ቀላል አፈር እንመኛለን፤ በሕይወት ላለው አበባ ግን ከባዱን እንጭንበታለን። አንድ ጊዜ «ቀላል አፈር አለ» ብዬ ማስታወቂያ ብለጥፍ፣ ጎረቤቴ ብርቄ «ምን ያለችው ሟርተኛ ናት! ቀብር ልትጠሪብን ነው?» ብላ ገነጠለችው።

5. አመራረጥ (እጃችሁን አምጡ)

እርጥብ አፈር ዝገኑ። ጨብጡ። ክፈቱ። በጣታችሁ ነካ አድርጉት።

እንደ ሊጥ ድቡልቡል ብሎ ከቀረ ዋልካ ነው፤ ተዉት።

በጣቶቻችሁ መሐል ካፈተለከ አሸዋ በዝቶበታል፤ ብቻውን አይሆንም።

ቅርጽ ይዞ ቆይቶ፣ ሲነካ ፍርስ ካለ፣

እሱ።

ካጣችሁ ደግሞ ሥሩት። ሦስት ባልዲ ቀይ አፈር፣ ሁለት ባልዲ ዓመት የሞላው ብስባሽ፣ አንድ ባልዲ የወንዝ አሸዋ። መደቡን አንድ ስንዝር ከፍ አድርጉ። ውሃ እንግዳ ነው፤ ይግባ፣ አረፍ ይበል፣ ይሂድ። ካደረ ነው ጣጣው።

6.

 

 

(ረስቼው አይደለም። አፈር ሲጠቀጠቅ ሥር ይታፈናል። ጽሑፍም እንደዚያው መሰለኝ። ትንሽ ተንፍሱ።)

7. ቃል በቃል፣ ሰኔ፣ አደባባዩ ላይ

ደምሰው፦ እትዬ፣ ጥቁር አፈር እኮ ለም ነው።

እኔ፦ ለም ነው። ለጤፍ።

ደምሰው፦ ቀይ አፈር በባልዲ ሲሸከሙ ሰው ይስቅብዎታል።

እኔ፦ ይሳቅ። አበባዬን ሳቅ አይገድለውም።

ደምሰው፦ እኔ የተማርኩት እኮ…

እኔ፦ ልጄ፣ አፈር ስሆን፣ ግማሹን እንኳ ቀላቅለው!

ደምሰው፦ (እየሳቀ) እርስዎማ አንዴ ሆነዋል፣ እትዬ።

ተናደድኩ። ግን መልሱ ጥሩ ነበር፤ እኔም ዞር ብዬ ሳቅኩ።

8. ነሐሴ

አሥራ አንድ ቀን ሳያባራ ዘነበ። በእኔ መደብ ውሃው ገብቶ ወጣ። በደምሰው መደብ ተኛ። የአበቦቹ ቅጠል ከሥር ጀምሮ ቢጫ ሆነ።

ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝና በጣም ደስ አለኝ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ደምሰው ዝናብ ውስጥ ቆሞ በዶማ ቦይ ሲቀድ አየሁት። የተወለወለው ጫማ የለም። አንድ ችግኝ ነቀለ፣ ሥሩን አሸተተ፣ ፊቱን አዞረ። ያን ሽታ አውቀዋለሁ። ዣንጥላዬን ይዤ ሄድኩና አጠገቡ ቆምኩ።

«የእኔ የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ነበሩ» አልኩት።

«የእኔ አርባ ናቸው» አለ።

«ታዲያ በዚህ በለጥከኝ።»

9. ጳጉሜ 3

የደምሰው፦ 4 ከ40፤ ቦዩ ያተረፋቸው።

የእኔ፦ 39 ከ40። አንዷን ፍየል በላቻት፤ ይሄ የአፈር ጥፋት አይደለም።

ቢጫ፣ ነጭ፣ ወይን ጠጅ። ባጃጆች እየቆሙ አዩ። ያቺ ማስታወቂያዬን የቀደደችው ብርቄ «እሰይ! እሰይ አፈሯ!» ብላ እልል አለች። ኮራሁ። ኩራት ኃጢአት ነው ይላሉ፤ ንስሐውን ሌላ ቀን እገባለሁ።

10.

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ሸዋንግዛው ቅጹን አወጡ።

«ቦታው የወይዘሮ አጸደ ነው። ብቻ እዚህ ጋ የባለሙያ ስም ይላል። ባለሙያ ማለት የተማረ ነው፤ ስለዚህ ደምሰው ስሙን ያስገባ፣ እርሷ ትሥራ። ምን ችግር አለው?»

«ምን ችግር አለው!» አለ ኮሚቴው።

ቦታው ለእኔ፣ የአፈሩ ስም ለእሱ። ስምንት ዓመት የቆምኩበትን ቦታ አስቤ፣ እሺ ልል ነበር።

ደምሰው እስክሪብቶውን ተቀበለ። አጎነበሰ። ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ቀና ሲል ጆሮው ቀልቷል።

«አልጽፍም» አለ።

«ደንቡ እኮ…»

«ደንቡ የእኔ መደብ ላይ ሰጥሟል፤ ሄደው ይዩት።» ቅጹን ወደ እኔ አዞረው። «እትዬ፣ ይጻፉ።»

አቶ ሸዋንግዛው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

11.

ወረቀቱ ላይ ስሜን ጻፍኩ፤ ትልቅ አድርጌ። ይሄኛው ገጽ ላይ ግን እናንተ ጻፉልኝ። ሌላ ሰው ሲጽፈው ማየት አምሮኛል። እንዳትሳሳቱ፤ «ጸ»ዋ የጸሎቱ ናት።

የአፈሩ ዓይነት፦ ቀይ አፈር 3፣ ብስባሽ 2፣ የወንዝ አሸዋ 1

ቆሞ የተገኘ፦ 39

የባለሙያ ስም፦ ______________________