ስልሳ ሦስት ሙከራ

«ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት አልተቻለም» አለ ስክሪኑ፣ ለሰባተኛ ጊዜ።

መምህሩ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና መልሶ አደረገው። ጽሑፉ እንዳለ ነው። ኧረ ምን ቆርጦት ይለወጣል! መነጽር ስለተጠረገ ዳታቤዝ አይከፈት። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ አምስት ሰዓት ላይ የአዋላጆች ማኅበር ኃላፊዎች መጥተው አዲሱን ድረ ገጻቸውን ሊያዩ ነው።

መምህሩ የሚባለው በልማድ ነው እንጂ ማስተማሩስ ቀርቷል። ሃያ ስድስት ዓመት ሂሳብ ያስተማረበት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ አንድ ዓመት ሙሉ መስኮት ስር ተቀምጦ መንገደኛ ሲያይ ከረመ። ሚስቱ ጠዋት ለሥራ ስትወጣ «ስመለስ ምን ላምጣልህ?» ትለዋለች፤ ክፋት የላትም፣ እሱ ግን ይቺን ጥያቄ አምርሮ ጠላት። በመጨረሻ ለስድስት ወር የኮምፒውተር ኮርስ ገባ። ድረ ገጽ የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ያለው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ደግሞ ለሦስት ወር ሙከራ ወሰደው። ሦስት ወሩ ዛሬ ያልቃል። ቦታውን የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ፤ አማቹም ነገሩን አልደበቀውም። «ጋሼ፣ ዘመድ ዘመድ ነው፤ ሥራ ደግሞ ሥራ ነው» ብሎታል ፊት ለፊት። ዛሬ ካልተሳካ ነገ መስኮቱ ስር ነው።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ድረ ገጹ የሚቆምበትን ፕሮግራም ይጭናል፤ ፕሮግራሙ መረጃውን የሚያስቀምጥበት ዳታቤዝ ይከፍታል፤ ለዳታቤዙ አንድ ተጠቃሚና የይለፍ ቃል ይፈጥራል። ከዚያ እነዚህን በየሳጥናቸው ጽፎ «ቀጥል» የሚለውን መጫን ብቻ ነው። ሁሉንም አድርጓል። ኮርሱ ላይ እንዲህ ሲያደርግ አንድም ቀን እምቢ ብሎት አያውቅም። ዛሬ፣ በዚህ ቀን፣ እምቢ አለ!

እንደገና ሞከረ። የይለፍ ቃሉን ቀየረና ሞከረ። ተጠቃሚውን አጥፍቶ በአዲስ ፈጠረና ሞከረ። መቀየሩን ረስቶ በአሮጌው ሞከረ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! በኋላማ ምንም ሳይነካ ያንኑ እየጻፈ «ቀጥል»ን ጫን ጫን ያደርግ ጀመር፣ ማሽኑ ይራራለት ይመስል። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠረውም። የሂሳብ መምህር አይደለም እንዴ? ነው፤ የፈራ ሰው ግን አይቆጥርም።

ለምን አይጠይቅም ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው! እዚያው አጠገቡ ይህን ሥራ ዓይኗን ጨፍና የምትሠራ ልጅ ተቀምጣለች። ችግሩም እሷው ናት። ዘጠነኛ ክፍል እያለች ያስተማራት ተማሪው ናት። ሰሌዳ ፊት ቆማ ስትንቀጠቀጥ «አላውቅም ማለት ስንፍና ነው» ያላት ራሱ ነው። ታዲያ አሁን በየት አፉ ይጠይቃት?

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነዘረ። ሚስቱ ናት፤ «እንዴት እየሆነ ነው? አይዞህ እሺ» ብላ ጽፋለች። «ጥሩ ነው» ብሎ መለሰላትና ላብ ያጠመቀውን እጁን በሱሪው ጠረገ። ውሸቱ ደግሞ ከላቡ ብሶ ከበደው።

አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ከኮሪደሩ የማያውቀው ድምፅ፣ ሰላምታና ሳቅ ተሰማ። እንግዶቹ ቀድመው መጡ! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ። ወደ ጎኑ ዞረ።

«ልጄ» አለ።

«አቤት፣ ቲቸር።»

«ይሄን ነገር… አላውቀውም።»

ልጅቷ ግን አልሳቀችም፤ ወንበሯን ስባ ተጠጋችና ስክሪኑን አንዴ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ቲቸር፣ ዳታቤዙን ከፍተዋል፤ ተጠቃሚውንም ፈጥረዋል። ግን ተጠቃሚው ዳታቤዙ ውስጥ እንዲገባ አልፈቀዱለትም። እዚህ ጋ ፈቃድ መስጠት አለብዎት።»

«ኮርሱ ላይ እንዲህ የሚባል ነገር አልነበረም!»

«አስተማሪያችሁ ቀድሞ አዘጋጅቶላችሁ ይሆናላ።»

ይኸው ነው፣ በቃ። አንዲት ትንሽ ምልክት ነበረች የጎደለችው። ልጅቷ ምልክቷን አደረገች፤ የይለፍ ቃሉን አስተካክላ «ቀጥል»ን ተጫነች።

ስክሪኑ አሁን «አልተቻለም» እንኳ አላለም። ነጭ ሆኖ ቆየ፣ ቆየና ሰርቨሩ መልስ አልሰጠም የሚል ሌላ መልእክት አመጣ። የልጅቷ ፊት ተለወጠ።

«ቲቸር፣ ስንቴ ሞከሩ?»

«ትንሽ ነው።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

መምህሩ መሬት መሬት አየ። «ብዙ ነው» አለ።

«ወይኔ!» አለች ራሷን ይዛ። የዳታቤዙ ሰርቨር የይለፍ ቃል ደጋግሞ የሚሳሳት ሲያገኝ ሌባ መጣ ብሎ ይዘጋል፤ ያውም ለሃያ አራት ሰዓት። ከዚያ በፊት ሊከፍተው የሚችለው የሰርቨሩ ኃላፊ ብቻ ነው፤ ቢሮው በሙሉ «ዘበኛው» እያለ የሚቀልድበት ሰውዬ። ዘበኛው ደግሞ ስልኩን አጥፍቶ፣ ከአማቹና ከእንግዶቹ ጋር የስብሰባ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥፋት የአንድ ደቂቃ ጥፋት ነበር። የቀረውን መምህሩ በገዛ ጣቱ ነው ያመጣው። «ምን ይዋጠኝ» አለ ለራሱ።

«እኔ ልግባ» አለች ልጅቷ። «እኔ ነኝ ያስዘጋሁት እላቸዋለሁ። እኔን ምንም አይሉኝም፤ ቋሚ ነኝ።»

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። መምህሩ ወዲያው «አይሆንም» አላለም። «እግዜር ይስጥሽ» የምትለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ማን ያውቅበታል? ማታ ለሚስቱ «አለፍኩ» ይላታል፣ አለቀ። ልጅቷ ተነስታ በሩ ጋ ልትደርስ ስትል ነው እንደ ምንም ብሎ የተነሳው።

«ተመለሽና ተቀመጪ» አላት በክፍል ድምፁ። ተመልሳ ተቀመጠች።

የስብሰባ ክፍሉን አንኳኩቶ ገባ። ጸጉሯ የሸበተው የማኅበሩ ሊቀመንበርና ሁለት ባልደረቦቿ ቀና ብለው አዩት።

«ደረሰ?» አለ አማቹ።

«አልደረሰም። ሰርቨሩ ዘግቶናል። ያስዘጋሁትም እኔ ነኝ፤ ያላወቅሁትን መጠየቅ ፈርቼ ዝም ብዬ ስሞክር ነው።»

የአማቹ ጆሮ ሲቀላ በዓይኑ አየው። ዘበኛው ላፕቶፑን ወደራሱ ሳበ፣ መታ መታ አደረገና አፉ አምልጦት ጮኸ፤ «ኧረ ስልሳ ሦስት ጊዜ!»

አንዷ እንግዳ ሳቋን በእጇ አፈነች። መምህሩ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር፤ መሬት ግን እንዲህ ባለ ጊዜ ተከፍታ አታውቅም።

«ከፍቼዋለሁ» አለ ዘበኛው። «አሁን ይሞክሩ። አንዴ ብቻ ታዲያ!»

አንዴ ሞከረ። ሠራ። እንግዶቹም አምስት ሰዓት ላይ ድረ ገጻቸውን አይተው፣ ይሄ ቀለም ቢቀየር፣ ያ ስዕል ቢተልቅ ብለው፣ ደስ ብሏቸው ሄዱ። መምህሩን ያናገረው ሰው የለም። ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ሲጠብቅ፣ አማቹ ከኮሪደሩ በእጁ ጠራው።

«ጋሼ፣ ሰው ፊት አሳፈርከኝ።»

«አሳፍሬሃለሁ።»

«እህቴን ምን እላታለሁ እያልኩ ነው የዋልኩት።» አማቹ ፊቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ በመልስህ እወስናለሁ። ከዛሬ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥምህ፣ ገና በመጀመሪያው ትጠይቃለህ?»

አዎ ማለት ብቻ ነበር። አንዲት ቃል! አፉን ከፈተ፣ ቃሏ ግን እምቢ አለች።

«በመጀመሪያው አልጠይቅም» አለ።

«ምን አልክ?»

«ልዋሽህ አልችልም። ሃያ ስድስት ዓመት ስጠየቅ እንጂ ስጠይቅ አልኖርኩም። መጀመሪያ ሲያቅተኝ ደግሜ መሞከሬ አይቀርም። ሁለተኛው ላይ ግን እጠይቃለሁ። እሱን እምልልሃለሁ።»

አማቹ ግድግዳውን ተደገፈ። መምህሩ በልቡ ዕቃውን መሰብሰብ ጀምሯል።

«ሁለት» አለ አማቹ በመጨረሻ። «ሦስተኛውን ካየሁ ግን ዘመድ አላውቅም።»

«ማለት…»

«ማለትማ፣ ነገ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ና። ደግሞ እንዳታረፍድ!»

መምህሩ ደረጃው ጥግ ሄዶ ለሚስቱ ደወለ። «ሄሎ» ስትለው ድምፁ አልወጣ አለ።

«ምነው? ምን ሆንክ? አልሆነም አይደል?» አለችው ባንድ ትንፋሽ። «ግዴለም፤ አይዞህ። ብቻ ቶሎ ቤት ና።»

እንባው አገጩ ላይ ደረሰ። በእጁ ጀርባ ጠረገውና፣

«ነገ ጠዋት» አላት፣ «አብረን ነው የምንወጣው።»