ከምግብ በኋላ ግማሽ ሰዓት

ከፋርማሲስቱ አፍ ወጥታ የማታውቅ ቃል ብትኖር «አላውቅም» የምትለዋ ነበረች።

የሰፈሩ ሰው ነጭ ጋውን የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» ማለት ይወዳል፤ እሱም ተቃውሞ አያውቅም። ከአውቶቡስ ፌርማታው ፊት ለፊት ወዳለችው ጠባብ መድኃኒት ቤቱ ሳል ያፈነው ይመጣል፣ ወገቡን የያዘው ይመጣል። መድኃኒቱን ከተቀበለ በኋላ ደግሞ እግረ መንገዱን ስለሚያፈስ ጣሪያ፣ ስለ አሮጌ መኪና፣ ስለ አማቱ ጠባይ ይጠይቃል። ዶክተር ለሁሉም መልስ አለው። መልሱንም በቃል አይተወውም፤ ኪኒን በሚያሽግባት ትንሽ የወረቀት ከረጢት ላይ፣ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ተብለው በታተሙት ሦስት ሳጥኖች ውስጥ በሰማያዊ እስክሪብቶ ይጽፈዋል። ከረጢት ላይ የተጻፈን ነገር ማን ይጠራጠራል?

ጣጣው የጀመረው ልብስ ሰፊዋ ለስምንት ዓመት ልጇ የሳል ሽሮፕ ልትገዛ የመጣች ቀን ነው።

«ዶክተር፣ ይቺንም እስቲ ይዩልኝ» አለች፣ ከቦርሳዋ አንድ የጌም ዲስክ ከነማሸጊያው አውጥታ። «የአጎቱ ነው። ካልተጫወትኩ ብሎ ነፍሴን አውጥቷታል። ደግ ነው ክፉ?»

ፋርማሲስቱ በዕድሜው አንድም ጌም ነክቶ አያውቅም። ማሸጊያውን ገልበጥ እንኳ አላደረገውም። ፊት ለፊቱን ብቻ አየና ጥግ ላይ፣ በቀይ ሳጥን ውስጥ፣ 18 የሚል ቁጥር ሲያገኝ ፊቱ በራ። ቁጥርማ የእሱ አገር ነው! ለአዋቂ አንድ ሙሉ ከሆነ ለልጅ ግማሽ፤ ሃያ ዓመት እንጀራ የበላበት ሒሳብ።

«ይሄ የአዋቂ መጠን ነው» አላት። «አዋቂ አንድ ሰዓት ከተጫወተ ልጅዎ ግማሽ ሰዓት። በቀን አንዴ፣ ከምግብ በኋላ። በባዶ ሆድ እንዳይሰጡት።»

«እሰይ! እንዲህ ቁርጡን የሚናገር ሰው ነው የጠፋው» ብላ ከረጢቷን በሁለት እጇ ተቀበለች።

በእሱ መሳቅ ቀላል ነው። ግን የሚስቁት እነማን ናቸው? በየወላጅ ስብሰባው «ጌም ትውልድ ጨረሰ!» እያለ ጠረጴዛ የሚደበድበው ሰውዬ አንዲት ደቂቃ ተጫውቶ አያውቅም። «ዘመኑ ነው፣ ተዋቸው» እያለ ስክሪኑን እንደ ሞግዚት ቀጥሮ እንቅልፉን የሚለጥጠውም እንደዚያው። አንዱ ሳያይ ይረግማል፣ ሌላው ሳያይ ይመርቃል፣ ሁለቱም ራሳቸውን ወላጅ ይላሉ። ፋርማሲስቱ ቢያንስ የማሸጊያውን ፊት አይቷል።

ልብስ ሰፊዋ ለፀጉር ቆራጩ ነገረች፣ ፀጉር ቆራጩ ለደንበኛው ነገረ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ለአሥር ወላጆች አሥር ከረጢት ተጻፈ። አሥራ አንደኛውን ዶክተር ለገዛ ልጁ ጻፈ።

ልጅቷ አሥር ዓመቷ ነው። በሰው ሁሉ ላይ ስለምትፈርድ ቤተሰቡ «ዳኛዋ» ይላታል። ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ወደ መድኃኒት ቤቱ ትመጣና ከባንኮኒው ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እስኪዘጋ ድረስ ታወራለች። ማን ከማን እንደኮረጀ፣ የሒሳብ መምህሩ ጫማ እንዴት እንደሚጮህ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ ጌሟ። በጌሟ ውስጥ ውሃ የሌላት ከተማ አለች፤ ዳኛዋ ከተራራው ቧንቧ ዘርግታ ውሃ ታመጣላታለች። «አባዬ፣ ውሃው ዳገቱን አልወጣም አለኝ እኮ!» ትለዋለች። እሱ ኪኒን እየቆጠረ በግማሽ ጆሮው ይሰማታል። ግን ያቺን ወሬ ያልሰማበት ቀን ጨው እንደሌለው ሾርባ ነው የሚሆንበት።

አንድ ቀን ታዲያ የእሷንም ማሸጊያ አየው። አረንጓዴ ሳጥን፣ ቁጥሩ 3።

«ሦስት! ለአሥር ዓመት ልጅ የጨቅላ ጠብታ! ይሄ ምን ያሽራል?» አለና ዲስኩን ወስዶ አደገኛ መድኃኒቶች በሚቀመጡበት ባለቁልፍ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። ከረጢት አንስቶም «ጠንከር ያለ ይፈለግላት» ብሎ ጻፈላት።

«አባዬ፣ ከተማዬ እኮ ነገ ውሃ ልታገኝ ነበር።»

«የተሻለ አመጣልሻለሁ።»

«ግን አይተኸዋል?»

«ማሸጊያውን አይቻለሁ።»

ዳኛዋ ከረጢቱን አጣጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። በማግስቱም መጣች፣ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች፣ ደብተሯን አወጣች። «እንዴት ዋልሽ?» ሲላት «ደህና።» «መምህሩስ?» «ደህና።» «ውሃ ልስጥሽ?» «እሺ።» ፋርማሲስቱ ስድብ ይችላል፣ ግልምጫ ይችላል። ይቺ «እሺ» ግን ስምንት ቀን ሙሉ እንደ ትልቅ ኪኒን አልዋጥ አለችው።

በስምንተኛው ቀን፣ ቤቱ በደንበኛ ሞልቶ ሳለ፣ ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወልቅ ገባች።

«አንተ!» አለች ከበሩ ጀምራ። እስከዚያ ቀን ድረስ «እርስዎ» ነበር። «ኪኒን ነው የሰጠኸኝ መርዝ?»

«ምነው እህቴ፣ ምን ሆኑ?»

«ልጄ አልጋ ሥር ነው የሚያድረው! መብራት ላጥፋ ስል ይጮኻል! ትናንት ደግሞ እናቴን፣ የሰማንያ ዓመቷን ሴትዮ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ወጥቶ በሾርባ ማንኪያ ተኮሰባት!»

«ተጎዱ?»

«እናቴ? ማንኪያውን ቀምታ እሱን አቀመሰችው እንጂ!»

ሰዉ ሳቀ። ፋርማሲስቱ ብቻ አልሳቀም። «ከ... ከምግብ በኋላ ነው የሰጡት?»

«ከምግብ በኋላ! ሰዓት ይዤ፣ ከራስጌው ቆሜ! አንዲት ደቂቃ አላሳለፍኩም!» ብላ ዲስኩንና ከረጢቱን ባንኮኒው ላይ ወረወረች።

«ጀርባውን አንብበው» የሚል ድምፅ ከበርጩማው መጣ። ዳኛዋ ናት፤ በስምንት ቀን ውስጥ ከአንድ ቃል በላይ ስትናገር የመጀመሪያዋ።

ለመጣው ሁሉ «ውስጡ ያለውን ወረቀት ሳያነቡ እንዳይውጡ» እያለ ሲመክር የኖረው ሰው መነጽሩን አድርጎ ማሸጊያውን ገለበጠ። በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ቁጥሩ የተፈቀደውን ዕድሜ እንጂ የጨዋታውን ክብደት አያመለክትም፤ ከ18 ዓመት በታች ላለ አይፈቀድም፤ ደም አለበት፣ ድንጋጤ አለበት፣ ከማይታወቁ ሰዎች ጋር መነጋገር አለበት። ፋርማሲስቱ ቀና ብሎ ባለቁልፉን ቁም ሳጥን አየ። እዚያ ውስጥ ለልጅ ግማሹም፣ ሩቡም፣ ምላስ የሚያርሰውም የማይሰጥ መድኃኒት አለ። ከዚያ ላይ ለልጅ ግማሽ የሚቆርጥ ረዳት ቢኖረው በዚያው ቀን ያባርረው ነበር።

በነጋታው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋና ባለ18ቱን ብቻውን ሞከረው። ብዙም ሳይቆይ ወጥቶ ወጥ ቤት ተቀመጠ፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«ምን ነካህ?» አለችው ሚስቱ።

«ሰባት ደቂቃ» አለ፣ ውሃ እየጠጣ። «ሰባት ደቂቃ ነው የቆየሁት።»

«በባዶ ሆድ ወስደኸው ይሆናላ» አለችና ወደ ድስቷ ዞረች።

ከዚያ ከባለቁልፉ ቁም ሳጥን ያወጣውን የዳኛዋን ዲስክ ይዞ ወደ ክፍሏ ሄደ። «ይቅርታ፣ የኔ እናት» አላት። ዳኛዋ ዲስኩን አልተቀበለችውም።

«ለእኔ ብቻ ነው?»

«ሌላ ለማን?»

«ለሰው አሥር ከረጢት ጽፈሃል፤ ቆጥሬያለሁ። የተበላሸ ሽሮፕ ሸጠህ ቢሆን ኖሮ ምን ታደርግ ነበር?»

መልሱን ያውቀዋል። አንድ ጊዜ ደርሶበታል። ማስታወቂያ ጽፎ በሩ ላይ ይለጥፋል፣ የሸጠላቸውን አንድ በአንድ ጠርቶ ያስመልሳል። ያኔ ግን ጥፋቱ የፋብሪካው ነበር።

«ሰው እኮ ይስቅብኛል» አላት።

«ይስቃል» ብላ ፈረደች ዳኛዋ።

ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ይህ ተለጥፎ ዋለ፦ «ስለ ጌም ከዚህ መድኃኒት ቤት የተጻፉ ከረጢቶች ሁሉ ስህተት ስላለባቸው ይመለሱ። ስህተቱ የፋብሪካ አይደለም፤ የእኔ ነው። ሳልጫወት ነው የጻፍኩት።» ትምህርት ቤት በተለቀቀበት ሰዓት የአውቶቡሱ ትኬት ቆራጭ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ለተሳፋሪው ጮክ ብሎ አነበበው፤ አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ። ፋርማሲስቱ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ሁሉንም ሰማ። ማስታወቂያውን ግን አላነሳውም። በርጩማው ላይ ያለችው ልጅ እያየችው ነበር።

ከረጢቶቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። ፀጉር ቆራጩ የራሱን ሲመልስ «ታዲያ ለልጄ የትኛውን ልግዛለት?» አለ።

«አላውቅም» አለ ፋርማሲስቱ። መደርደሪያው አልወደቀም፣ ጣሪያውም አልተደረመሰም። «ጀርባውን አብረን እናንብበው። ለዕድሜው ከተፈቀደ ከልጅህ ጋር ቁጭ በልና አንድ ሳምንት ተጫወተው። ሲጨርስ እየሮጠ መጥቶ የሚያወራልህ ከሆነ ደግ ጌም ነው። ዝም የሚያሰኘው ከሆነ መልሰው።»

«እኔ? እኔ ልጫወት?»

«ታዲያ ማን፣ እኔ?»

ልብስ ሰፊዋ ልጇን ይዛ መጣች፤ ዳኛዋ ስለ ተራራውና ስለ ቧንቧው ስታስረዳው ልጁ አፉን ከፍቶ ሰማ። እናትየው ይቅርታውን ተቀበለች። ወደ «እርስዎ» ግን አልተመለሰችም።

ማታ ሊዘጋ ሲል ፋርማሲስቱ የተመለሱትን ቆጠረ። አሥር። «ሙሉ ነው» አለ።

«አንድ ይቀራል» አለች ዳኛዋና አሥራ አንደኛውን ከደብተሯ መሃል አወጣች። «ጠንከር ያለ ይፈለግላት» የሚለው ተሰርዟል። ማታ በሚለው ሳጥን ውስጥ በእርሳስ እንዲህ ተጽፏል፦ «ለአባዬ። ለልጅ ግማሽ ሰዓት፣ ስለዚህ ለአዋቂ አንድ ሰዓት። ብቻውን እንዳይወስድ።»

«ሒሳቡ የራስህ ነው» አለችው።

ስህተት ፈለገበት፤ አጣ። መነጽሩን አወለቀና «ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» አላት።

«ከተማው ሙሉ ውሃ ጠምቶት አንተ ስለ ምግብ ታወራለህ? ስማ፣ መጀመሪያ ዳገቱ ላይ ያለውን ቧንቧ ነው የምንቀይረው፣ ምክንያቱም ባለፈው እኔ አጥብቤው...» ብላ ጀመረች። ቤት እስኪደርሱም አላባራችም። ፋርማሲስቱ በሙሉ ጆሮው እየሰማ አብሯት ተራመደ፤ የመድኃኒት ቤቱን መብራት ማጥፋት ረስቶ ነበር።